ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና የኢትዮጵያውያን የበረራ መምህር

የአንድን አገር መሪ በአየር ማጓጓዝ ዛሬ ልዩ ሠራተኞች፣ የተዘጋጀ የአውሮፕላን ማረፊያና ሰፊ የጥበቃ ሥርዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከዘጠና ዓመት በፊት ግን ይህ ሥራ በኢትዮጵያ በጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖችና በጣት በሚቆጠሩ አብራሪዎች ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። ከእነዚህ አብራሪዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ናቸው። ኮሎኔል ሮቢንሰን በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን የኢትዮጵያን አየር ኃይል በአዛዥነት መርተዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት፣ አንዳንድ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን ይዘው በረዋል፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሰው የኢትዮጵያን ወጣቶች አስተምረዋል። ሕይወታቸውም ያለፈው በዚሁ አገር፣ በዚሁ ሙያ ላይ እንዳሉ ነው።

አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ መግባት

የኮሎኔል ሮቢንሰን ሥራ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለመረዳት አስቀድሞ የነበረውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ኤደን በተጓዙ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ያዘጋጀውን የበረራ ትርኢት ተመለከቱ። በመመልከት ብቻ ሳይወሰኑም በአውሮፕላን ተሳፍረው በረሩ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አውሮፕላንን የመንግሥት መሣሪያ አድርጎ ወደ አገር የማስገባት ሐሳብ አልተለያቸውም።

ሐሳቡም በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፍሬ አፈራ። በዚያ ዕለት ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላን እያበረሩ አዲስ አበባ አጠገብ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የጀርመን ሥራ የሆነች፣ አካሏ ከብረት የተሠራ ዩንከርስ የተባለች አውሮፕላን ደረሰች። ብዙም ሳይቆይ የበረራ ትምህርት ተጀምሮ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ አብራሪዎች ለመሆን በቁ።

አውሮፕላን ለዚያን ጊዜው መንግሥት የክብር ጌጥ ብቻ አልነበረም። ከጅቡቲ ከሚመጣው የባቡር መሥመር በስተቀር አዲስ አበባን ከክፍላተ ሀገር ጋር የሚያገናኝ አስተማማኝ መንገድ እጅግ ጥቂት ነበር። ከመናገሻው ከተማ ወደ ሰሜን ጠረፍ በበቅሎና በእግር የሚላክ መልእክት ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉማ ጉዞው ጭራሽ ሊቋረጥ ይችል ነበር። አውሮፕላን ይህን ጊዜ ወደ ሰዓታት አሳጠረችው። መሪው በአንድ ቀን ርቆ ካለ ጠቅላይ ግዛት ደርሶ ሹማምንቱን በአካል ማነጋገርና ትእዛዝ መስጠት የሚችልበት ዘመን መጣ።

ይሁን እንጂ አውሮፕላንን መግዛትና አውሮፕላንን ማሠራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ ዝግጅት ሲደረግ ለንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ የመጣችው ጂፕሲ ሞዝ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን፣ ሁበርት ጁልያን የተባሉት ከኒው ዮርክ የመጡ አብራሪ በልምምድ ላይ ሳሉ ተከሰከሰች። ንብረቱ ከጠፋ በኋላ የተረፈው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ መሪን የምታጓጉዝ አውሮፕላን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ጥንቁቅ አብራሪና ሞተሯን የሚያውቅ መካኒክ ነው። ሁለቱንም ሙያ በአንድ ሰው ይዘው የመጡት ሮቢንሰን ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ጆን ሮቢንሰን የተወለዱት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነበር። እናታቸውም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ወደ ገልፍፖርት ከተማ ተዛወሩ። በዚያም ቻርልስ ኮብ የተባሉትን የባቡር ድርጅት ሠራተኛ አገቡ። ሮቢንሰን ያደጉት በእኒህ እንጀራ አባታቸው ቤት ሲሆን፣ ለመሣሪያና ለሞተር የነበራቸው ፍቅር የጀመረው ከልጅነታቸው ነው። በልጅነታቸው ገልፍፖርት ባሕር ዳርቻ ላይ አንዲት አውሮፕላን ስታርፍ ማየታቸው አብራሪ የመሆን ምኞት እንዳሳደረባቸው ይነገራል።

ያ ምኞት በቀላሉ የሚደረስበት አልነበረም። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችና ነጮች በትምህርት ቤት፣ በባቡርና በሕዝብ መገልገያ ሁሉ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ለጥቁር ወጣት የበረራ ትምህርት ቤት በር የሚከፍት አልነበረም። ሮቢንሰን በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው ታዋቂ የጥቁሮች ተቋም፣ ወደ ተስኪጊ ገብተው የተሽከርካሪ መካኒክነት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1924ም ተመረቁ። ከዚያም ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተጉዘው መጀመሪያ በዲትሮይት፣ ቀጥሎም በቺካጎ በመካኒክነት ተቀጠሩ።

የተዘጋውን በር ማስከፈት

በቺካጎ ኩርቲስ ራይት የሚባል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ለመመዝገብ ደጋግመው ቢያመለክቱም በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። ተስፋ ቆርጠው ግን አልተመለሱም። በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። መምህሩ ሲያስተምር መጥረጊያቸውን ይዘው ከክፍሉ ጀርባ ይቆማሉ፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በልባቸው ይይዛሉ፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱም የሰሙትን ያጠናሉ። የሙያ ባልደረባቸውና ወዳጃቸው ኮርኔሊየስ ኮፊም በዚሁ ትግል አብረዋቸው ነበሩ። ሁለቱ ጓደኛሞች በብዙ ጥረት በመጨረሻ ወደ ትምህርት ቤቱ ገብተው ተመረቁ። የቀድሞው ጽዳት ሠራተኛም ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን ለማስተማር በቁ።

ቀጣዩ እንቅፋት የሚያበሩበት ሜዳ ማግኘት ነበር። አብዛኞቹ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ጥቁር አብራሪዎችን አያስተናግዱም ነበር። ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ቻሌንጀር የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር መሥርተው፣ ነዋሪዎቿ ጥቁሮች በሆኑባት ሮቢንስ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ በገዛ እጃቸው ሜዳ አስተካክለው የአውሮፕላን ማረፊያና ሃንጋር ሠሩ። ኃይለኛ ማዕበል ሃንጋሩንና አውሮፕላኖቹን ቢያፈርስባቸውም ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰን የተመረቁበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ወደ ተስኪጊ በረሩ። ዋና ዓላማቸው ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ማሳሰብ ነበር። ሐሳባቸው በዚያን ጊዜ ወዲያው ተግባራዊ አልሆነም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋሙ የበረራ ሥልጠና ሲጀምርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ የሆኑት የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ሲወጡ፣ ሐሳቡን አስቀድመው ካመነጩት ሰዎች አንዱ ሮቢንሰን መሆናቸው ታወቀ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የእነዚያ አብራሪዎች አባት እያሉ የሚጠሯቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣው ጥሪ

በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር መዘጋጀቷ ግልጽ ሆነ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉዳዩን ከመወያየት አልፎ ሊያስቆመው አልቻለም። በዓለም ዙሪያ የሚኖሩ ጥቁሮች ግን ኢትዮጵያን የነጻነታቸው ምልክት አድርገው ስለሚያዩ ለመርዳት ተነሣሡ። በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው መላኩ በያን በሙያቸው አገራቸውን ሊያገለግሉ የሚችሉ ጥቁር አሜሪካውያንን ያፈላልጉ ነበር። በጥቁሮች የዜና አገልግሎት ኃላፊው በክሎድ ባርኔት አማካይነትም ከሮቢንሰን ጋር ተገናኙ።

ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀበሉ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በቺካጎ በላባቸው ያቋቋሙትን ሥራ፣ ተማሪዎቻቸውንና ቤታቸውን ትተው፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት አገር፣ ጦርነት ወደሚያንዣብብበት ሰማይ መሄድ ነበረባቸው። በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። ችሎታቸው ከተፈተሸ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነው ተሾሙ።

ጥቂት አውሮፕላኖች፣ ብዙ ኃላፊነት

የተረከቡት አየር ኃይል በስሙ እንጂ በይዞታው አየር ኃይል የሚባል አልነበረም። አውሮፕላኖቹ በጠቅላላው ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መብረር የሚችሉት ከፊሎቹ ብቻ ነበሩ። ፖቴዝ፣ ዩንከርስ፣ ፎከርና ሌሎችም ከተለያዩ አገሮች የመጡ በመሆናቸው የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። መሣሪያ የታጠቁ አልነበሩም ለማለት ይቻላል። በሌላው ወገን ኢጣሊያ በኤርትራና በሶማሊያ ያሰለፈቻቸው አዳዲስ የጦር አውሮፕላኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

የአገሩ የመልክዓ ምድር አቀማመጥም የራሱ ፈተና ነበረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ኃይሉን ያጣል፤ ክንፍም የሚደግፈው አየር ያንሰዋል። አውሮፕላኗ ለመነሣት ረጅም ርቀት መንደርደር ይኖርባታል፤ የምትጭነውም ጭነት መቀነስ አለበት። አብራሪው የሚመራበት የሬዲዮ ምልክትም ሆነ የአየር ጠባይ ትንበያ አልነበረም። ካርታውም ቢሆን ያልተሟላ ስለነበር ወንዞችን፣ አምባዎችንና ገደሎችን በዓይን እየለዩ መብረር የግድ ነበር።

ኮሎኔል ሮቢንሰን ከዚህ አቅም በመነሣት የደረሱበት መደምደሚያ ምክንያታዊ ነበር። በእነዚህ አውሮፕላኖች የጠላትን ኃይል በአየር ላይ መግጠም ሰውንም መሣሪያንም በከንቱ ማስጨረስ ነው። አውሮፕላኖቹ ሊሠሩት የሚችሉት ትልቅ ሥራ መንግሥቱን ከጦር ግንባሩ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህም አየር ኃይሉ የመልእክት፣ የመድኃኒት፣ የሹማምንትና አስፈላጊ በሆነ ጊዜም የንጉሠ ነገሥቱ ማጓጓዣ ሆነ። በዚሁ ዘመን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የገጣጠሟትና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ትንሽ አውሮፕላንም ተሠርታ በረረች።

መሪን ማጓጓዝ በጦርነት ጊዜ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ፤ አውሮፕላኖቹም ዓድዋን ደበደቡ። ኮሎኔል ሮቢንሰን በዚያ ዕለት መልእክት ለማድረስ በዓድዋ ነበሩ። ቦምብ በከተማይቱ ላይ ሲወድቅ፣ ሕዝቡም መሸሸጊያ ሲፈልግ በዓይናቸው አዩ። ወዲያውም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የደረሰውን አስረዱ። በበቅሎ ቢላክ ኖሮ ብዙ ቀናት የሚፈጀው ወሬ በአየር በፍጥነት ከመንግሥቱ ጆሮ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ኮሎኔሉ በአዲስ አበባ፣ በደሴና በሰሜን ግንባር መካከል ተመላለሱ። መሣሪያ የሌላት አውሮፕላን የጠላት ተዋጊ ሲያጋጥማት ያላት መከላከያ የአብራሪዋ ብልሃት ብቻ ነው። ደመና ውስጥ መግባት፣ በገደሎች መካከል ዝቅ ብሎ መብረር፣ ጧት ማልዶ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መነሣት የዕለት ተዕለት ሥራቸው ሆነ። አውሮፕላናቸው በጥይት የተበሳችባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ እርሳቸውም ቆስለዋል። ኢጣሊያ በተከለከለው የመርዝ ጋዝ መጠቀም በጀመረች ጊዜም የጋዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ንጉሠ ነገሥቱም በአየር መጓዝን አልተዉም። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. የኦጋዴን ግንባር በተናጋ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ጅጅጋ ሄደው ሁኔታውን በአካል ተመልክተዋል። ከዚያም የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። መሪው ያለበት ቦታ ሁሉ የጠላት ዒላማ በሆነበት በዚያ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱን አሳፍሮ መብረር የአንድን ሰው ሕይወት ብቻ ሳይሆን የመንግሥቱን ቀጣይነት ጭምር በእጅ ይዞ መብረር ማለት ነበር። አውሮፕላኗ ብትመታ ወይም ሞተሯ ቢቆም የሚጠፋው ምን እንደሆነ አብራሪው ያውቁ ነበር። ኮሎኔል ሮቢንሰን ይህን ኃላፊነት ሲሸከሙ ከአብራሪነታቸው ይልቅ መካኒክነታቸው እንደረዳቸው ከሥራቸው መረዳት ይቻላል። መለዋወጫ በሌለበት ሞተሮቹን እየጠገኑ፣ ነዳጅ እየቆጠቡ፣ የማይበሩትን አውሮፕላኖች እየፈቱ ለሚበሩት መለዋወጫ እያደረጉ ሥራው እንዳይቋረጥ አድርገዋል።

ይሁንና የኃይሉ ሚዛን እጅግ የተዛባ ነበር። አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ በመሬት ላይ እንዳሉ ተደበደቡ ወይም ከአገልግሎት ወጡ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት በኢትዮጵያ ጦር መሸነፍ ካበቃ በኋላ ተስፋው መነመነ። ኮሎኔል ሮቢንሰን አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ አመሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

የስደት ዘመንና የማስተማር ሥራ

ኮሎኔል ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 ኒው ዮርክ በደረሱ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተቀበላቸው። በቺካጎም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎዳና ወጥተው አጀቧቸው። የጥቁሮች ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም ሰጥተዋቸው ነበር። ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚኖር፣ ክንፈ ሰፊ፣ ከፍ ብሎ የሚበር ወፍ ነው። ከዓመታት በፊት በመጥረጊያ ተደግፈው ትምህርት የሰሙት ሰው አሁን በተመሳሳይ ከተማ እንደ ጀግና ታዩ።

ክብሩን ግን ለራሳቸው መታያ አላደረጉትም። በየከተማው እየተዘዋወሩ ስለ ኢትዮጵያ አስረዱ፤ ለስደተኞችም እርዳታ እንዲሰበሰብ ተናገሩ። በቺካጎም በስማቸው የአየር ኮሌጅ ከፍተው ወጣቶችን በረራና የአውሮፕላን ጥገና አስተማሩ። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜም በቻኑት የጦር ሰፈር የአውሮፕላን መካኒኮችን በማሠልጠን አገራቸውን አገለገሉ።

ዳግም ወደ ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥቱ አየር ኃይሉን ከባዶ እንደገና ማቋቋም ነበረበት። የቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ወድመዋል፤ ከሠለጠኑት ወጣቶችም ብዙዎቹ በጦርነቱና በጠላት ዘመን ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 ኮሎኔል ሮቢንሰን ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት በአጭር ጊዜ ውስጥ በርካታ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ተቀበለ። ተማሪዎቹ መብረር ብቻ ሳይሆን ሞተር መፍታትና መግጠምም ይማሩ ነበር። መምህሩ በራሳቸው ሕይወት ያዩት ይኸው ነው፤ አውሮፕላኗን በአየር ላይ የሚያቆያት በመሬት ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

በዚያው ዘመን የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽንም መሠረቱን ያዘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። የአብራሪና የቴክኒክ ባለሙያ ፍላጎት እየጨመረ በመጣበት በዚህ ወቅት የልደታው ትምህርት ቤት ሥራ ጠቀሜታው ከአየር ኃይሉ አልፎ የሚሄድ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን የተቃና አልነበረም። መንግሥቱ የአየር ኃይሉን ሥልጠና ለስዊድናውያን ባለሙያዎች ሲሰጥ፣ በጦርነቱ ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ኢትዮጵያን ያገለገሉት ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የበላይ ሆኑ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የተነሣው አለመግባባት ወደ ጠብ አምርቶ ኮሎኔል ሮቢንሰን እስከ መከሰስ ደረሱ፤ ከአየር ኃይሉም ተለዩ። ለኢትዮጵያ ሰማይ ነፍሳቸውን ለአደጋ የሰጡ ሁለት ሰዎች በሰላሙ ጊዜ አብረው መሥራት አለመቻላቸው የሚያሳዝን ነበር። ሆኖም ኮሎኔሉ ቅር ተሰኝተው አገሩን ጥለው አልሄዱም። በአዲስ አበባ ቆይተው ከሐረር መስፍን ከልዑል መኮንን ጋር በመቀራረብ በበረራ ሥራ ቀጠሉ፤ ማስተማሩንም አልተዉም።

የመጨረሻው በረራ

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ኮሎኔል ሮቢንሰን ሕይወት ለማዳን የሚያስፈልግ ደም ለማድረስ በትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። አብረዋቸው አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበሩ። አውሮፕላኗ በአዲስ አበባ ወድቃ ተቃጠለች። መሐንዲሱ ሕይወታቸው አለፈ፤ ኮሎኔሉም በጽኑ ተቃጥለው ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ሳምንት ያህል ከታከሙ በኋላ መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። የኢጣሊያን አውሮፕላኖች ሸሽተው በኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ይበሩ የነበሩት ሰው የመጨረሻውን በረራቸውን ያደረጉት ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር አብረው፣ የሰው ሕይወት ለማትረፍ ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

የተዉልን ቅርስ

ከ1928 ዓ.ም. በፊት የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች ዛሬ የሉም ለማለት ይቻላል። ከእነርሱ ዘመን የተረፈችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን በጠላት ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያ ቆይታ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመልሳለች። ብረትና እንጨት ይጠፋል፣ ይማረካል፣ ያረጃል። ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ሙያ ግን ሊማረክ አይችልም። በልደታ የተማሩት ወጣቶች ለሌሎች አስተማሩ፤ እነዚያም ለተከታዮቻቸው። ኢትዮጵያ ዛሬ መሪዎቿን በራሷ ልጆች አብራሪነት የምታጓጉዝ፣ የሌሎች አገሮችን ባለሙያዎችም የምታሠለጥን አገር ለመሆን የበቃችው በእንዲህ ዓይነቱ ቅብብሎሽ ነው።

ኮሎኔል ሮቢንሰን የመጀመሪያውን የሕይወታቸውን ክፍል የተዘጋ በር በማስከፈት አሳለፉ። በሩ ከተከፈተላቸው በኋላ ብቻቸውን አልገቡም፤ ለሌሎችም ክፍት አድርገው ያዙት። በቺካጎም፣ በአዲስ አበባም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በአብራሪነት፣ በአውሮፕላን ጥገና ወይም በሌላ የአቪዬሽን ሙያ ለመሰማራት የሚፈልጉ ወጣቶች የሥልጠና ዕድል በአገር ውስጥ ያገኛሉ። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አመልካቾች ከመመዝገባቸው በፊት የትምህርት፣ የዕድሜና የጤና መመዘኛዎችን ከሚመለከተው ተቋም አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በዛሬው አመልካችና በዚያ በመጥረጊያ ተደግፎ ይማር በነበረው ወጣት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ለአሁኑ አመልካች መመዘኛው ችሎታና ትጋት ብቻ ነውና። ይህን መብት ዋጋ የከፈሉለት ሰዎች እንዳሉ ማወቅ፣ ሙያውን በሚገባው ጥንቃቄና አክብሮት ለመያዝ ይረዳል።